ቅጹ የት ተለጠፈ?

ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ የዋግ ከተማ ሰቆጣ ወሬ የሚገባው በሰው ኪስ ነበር። ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ የተመለሰ መንገደኛ ስልኩ ላይ የጫነውን ይዞ ይመጣል፤ ሻይ ቤት የተቀመጠው በብሉቱዝ ይቀበለዋል። አንድ የከተማዋ ነዋሪ እንዳጫወተን፣ በዚህ መንገድ ከደረሱት ቪዲዮዎች በአንዱ፣ አንድ የተደናገጡ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው ወዳጆቻቸው ድምፅ እንዲያሰሙላቸው በእንግሊዝኛ ይማጸናሉ። ሻይ ቤቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሰውየው የጋቦን ፕሬዚዳንት የነበሩት አሊ ቦንጎ ናቸው። ጋቦን ነሐሴ 20 ቀን 2015 ድምፅ ሰጠች። ምርጫው እንዳበቃ መንግሥት የሐሰት መረጃንና የሁከት ጥሪን ልከላከል ብሎ ኢንተርኔቱን ዘጋ፤ ሰዓት እላፊም አወጀ። ነሐሴ 24 ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ቦንጎ በ64.27 በመቶ አሸነፉ ተባለ። ነገሩ ገና ተነግሮ ሳያልቅ ወታደሮች በቴሌቪዥን ቀርበው ውጤቱን ሰረዙ፤ 56 ዓመት የዘለቀው የቦንጎ ቤተሰብ አገዛዝ አከተመ። ኢንተርኔቱም የተመለሰው በዚያው ጠዋት ነው። መፈንቅለ መንግሥቱን የመሩት ጄኔራል ኦሊጊ ንጌማ ሚያዝያ 2017 ራሳቸው ተወዳድረው ከ90 በመቶ በላይ አገኙ።

ከወራት በኋላ መስመሩ ሲመለስለት የምርጫውንና የመፈንቅለ መንግሥቱን ወሬ በአንዴ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን አሸነፈ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የትም አያደርሰውም። 64.27 የሚለው ቁጥር ከየትኛው ጣቢያ ምን ያህል ተደምሮ እንደመጣ ሊያይ የቻለ ተራ ጋቦናዊ አልነበረም፤ በሰቆጣ ያለውማ ከየት ያምጣው?

መጠየቅ ያለበት «የየጣቢያው የውጤት ቅጽ የት ተለጠፈ?» ብሎ ነው። ለዚህ ኬንያን እንይ። በነሐሴ 2014ቱ ምርጫ ዊሊያም ሩቶ 50.49፣ ራይላ ኦዲንጋ 48.85 በመቶ አገኙ። የልዩነቱ መጥበብ ሳያንስ ከሰባቱ የምርጫ ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤቱን አናውቀውም አሉ። ሀገር ለማቃጠል ይበቃ ነበር። ነገር ግን በ46,229 የምርጫ ጣቢያዎች የተሞላው የውጤት ቅጽ፣ ቅጽ 34ኤ፣ ፎቶው ተነሥቶ ማንም ሊደምረው በሚችልበት ድረ ገጽ ላይ ተለጥፎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነሐሴ 30 ውጤቱን አጸና፤ ኦዲንጋ በፍርዱ እንደማይስማሙ፣ ፍርድ ቤቱን ግን እንደሚያከብሩ ተናገሩ። ያው ፍርድ ቤት ከአምስት ዓመት በፊት የምርጫ ውጤት ሰርዞ ስለሚያውቅ ማጽናቱም ክብደት ነበረው።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው፦ በምርጫ ሰሞን ኔትወርክ መዝጋት በማንም ሀገር፣ በማንኛውም ምክንያት ስሕተት ነው። እኛም ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶብን አይተነዋል። ዋግ ደግሞ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሲደርስባት መብራቱንም፣ ስልኩንም፣ ባንኩንም ባንድ ላይ አጥታለች። ያኔ የቀረው ሬዲዮ ነበር፤ የአሜሪካ ድምፅም በመጋቢት 2017 ሥርጭቱ ሲቋረጥ አንድ ጆሮ ተደፈነ።

መስመሩ ነገም ላለመቆረጡ ዋስ የለንም። ስለዚህ ምርጫ ቦርድን በመጀመሪያ የምንጠይቀው ኤሌክትሪክ የማይፈልገውን ነገር ነው። የኛም ሕግ የጣቢያው ውጤት እዚያው በር ላይ እንዲለጠፍ ያዛል። ቅጹ በዋግ ወረዳዎች በዝቋላም ሆነ በሰሃላ ጣቢያ በር ላይ ለቀናት ይቆይ፤ ግልባጩ በእያንዳንዱ ወኪል እጅ ይግባ፤ ኔትወርክ ሲገኝ ፎቶው ድረ ገጽ ላይ ይውጣ። የ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ነበር፤ ክረምት መግቢያ ስለሆነ ወረቀቱ በላስቲክ ይሸፈን።