ስለ ቤት አያያዝ፦ ሙቀቱ እንዲቆይ፥ ጭሱ እንዲወጣ

ቤት የሚሠራው ከዝናብና ከፀሐይ ለመጠለል ብቻ አይደለም፤ ከብርድ ለመዳንም ነው። ይህንንም በአዊ ምድር፥ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ከብዙ ሰው ይበልጥ ያውቁታል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ዳንግላም ከ2,100 ሜትር አታንስም። 100 ሜትር ከፍ ባልን ቍጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፥ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚወጣ መንገደኛ የ2 ወይም የ3 ዲግሪ ልዩነት ያገኛል። በክረምት ዝናቡና ጉሙ ይሰነብታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይበልጥ ይከፋል።

ብርድ በመጣ ጊዜ የተለመደው መፍትሔ እንጨት መጨመርና ከሰል ማቀጣጠል ነው። እኛ ግን በዚህ ወር አስቀድመን የምንጠይቀው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም፥ ትናንት ማታ የነደደው እሳት ሙቀቱ ዛሬ ጧት የት ሄደ? የሚል ነው። ቤቱ ሙቀት የማይዝ ከሆነ፥ እሳት መጨመር በወንፊት ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ስለዚህ ሙቀትን በቤት ውስጥ ስለ ማቆየት እንናገራለን፤ ከዚሁ ሊለይ የማይገባውን የንጹሕ አየርን ነገርም እንጨምራለን፤ አንዱ ያለ ሌላው ቢነገር ለቤተሰብ ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ሊያመጣ ይችላልና።

በከንቱ የሚያመልጥ ሙቀት ዋጋው ቀላል አይደለም። በተለመደው የአፈር ክምር 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ እንጨት ያልቃል። በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተክለው፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየቈረጡ ከሰል እንደሚያከስሉ፥ ይህም ለብዙ ቤት ገቢ እንዳመጣ፥ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ እንደሚጫን የታወቀ ነው። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት በዛፉ ላይ በሽታ ወርዶ የብዙ ገበሬ ተክል ስለ ተጐዳ፥ ይህ ሀብት የማያልቅ አለመሆኑ ታይቷል። እንግዲህ ከቤት የሚያመልጠው ሙቀት እንጨት ነው፤ ለቀማ የወጣች ልጅ ድካም ነው፤ ማገዶው ከገበያ የተገዛ እንደ ሆነም፥ ለደብተርና ለጨው ይውል የነበረ ገንዘብ ነው።

ሙቀት እንዴት እንደሚያዝ ለመረዳት ጋቢን ማሰብ ይበቃል። ጋቢ የሚያሞቀን ራሱ ሙቀት ኖሮት አይደለም፤ በድርና በማጉ መካከል፥ በድርቡም ውስጥ፥ የማይንቀሳቀስ አየር ስለሚይዝ ነው። ባለበት የቆመ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። አባቶቻችን ይሠሩት የነበረው የሣር ክዳንም እንዲሁ በየሣሩ መካከል አየር ይዞ ለቤቱ ጋቢ ይሆነው ነበር። ዛሬ የክዳን ሣር እየጠፋ ስለ ሄደ፥ ቆርቆሮም ዝናብ ስለማያስገባና በየጊዜው መታደስን ስለማይጠይቅ፥ አብዛኛው ሰው ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ብረት ከደረቅ ሣር በብዙ መቶ እጥፍ ሙቀት ያሳልፋል፤ ቆርቆሮውም ስስ ነው። በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ጧት ከጣራው ሥር ጠብ ጠብ የሚለውም ውኃ ሌሊቱን የተነፈስነው እንፋሎት ነው፤ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ወደ ውኃነት ተመልሶ በአልጋችን ላይ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ቤት ጋቢውን አውልቆ፥ ነጠላ እንኳ ሳይደርብ ያድራል ማለት ነው።

ሁለተኛው የሙቀት ማምለጫ ክፍተት ነው። ሙቅ አየር ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ በግድግዳው አናትና በጣራው መካከል ሾልኮ ሲያመልጥ፥ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር በበሩ ሥር ይገባል። የዚህን ክፍተት ብዛት ብዙ ሰው አይገምተውም። ርዝመቱ 6፥ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 22 ሜትር ነው። በግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን የ3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖር፥ ተደምሮ ሲታሰብ 80 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ሌሊቱን ሙሉ ከፍቶ እንደ መተኛት ይሆናል። ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር በሆነ በር ሥር ያለ የ1 ሳንቲ ሜትር ክፍተትም፥ በግድግዳው ላይ 9 በ9 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ እንደ መብሳት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድመን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ምድጃው በመኖሪያው ክፍል ውስጥ የሆነበት ቤት፥ ምድጃውን ወደ ማድ ቤት ሳያወጣ ወይም ጭስ መውጫ ሳያበጅለት ክፍተቱን መድፈን አይገባውም። አስቀድሞ እሳቱ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ይደፈን። ይህ ከተፈጸመ በኋላ ሥራው በሚከተለው ተራ ቢያዝ መልካም ነው።

አንደኛ፥ የግድግዳው አናት ይደፈን። በወራጆቹ መካከል የተሰነጠቀ ቀርከሃ እየተማገረ፥ የጤፍ ጭድ ገብቶበት ለጥቂት ቀናት በቦካ ጭቃ ይመረግ። ቀርከሃ በአዊ ደጋ የታወቀ ተክል ስለ ሆነ፥ ዋጋው ከጣውላ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሁለተኛ፥ ከጣራው ሥር ኮርኒስ ይሠራ። አቅም ያለው ኮምፔንሳቶ ወይም ቺፑድ ያስመታል፤ አቅም ያነሰው የቀርከሃ ንጣፍ ከወራጁ ጋር አጥብቆ አስሮ በስሱ በጭድ ጭቃ ይመርጋል፤ ከዚህም ያነሰው በደንብ ታጥበው የተሰፉ የማዳበሪያ ከረጢቶችን ይወጥራል። ዋናው ነገር በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር ቆሞ እንዲቀር ማድረግ ነው። ነገር ግን ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ በኮርኒስ ላይ በትኖ መተው አይገባም፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ በዚያ የሚያልፍ እንደ ሆነ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የከረጢት ኮርኒስም እሳት በሚነድበት ማድ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይወጠርም።

ሦስተኛ፥ ግድግዳው ደረቅ ይሁን። የራሰ ጭቃ ከደረቀው ይበልጥ ሙቀት ያሳልፋል፤ እርጥበቱም ለሻጋታና ለሳል ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ ይቈፈር፤ የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ወጣ ያለ ይሁን፤ የተሰነጠቀውም ልስን ይታደስ። እናቶቻችን በልስኑ ላይ ጋዜጣ መለጠፋቸው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ነፋስ የሚሾልክበትን ስንጥቅ ይሸፍን ነበር።

አራተኛ፥ በርና መስኮት ይጠበቅ። ያረጀ የጎማ ከመነዳሪ በቀጭኑ ቀዶ በመቃኑ ዙሪያ መምታት፥ በበሩ ሥር ደግሞ ሰጋቱራ የተሞላ ረዥም የጨርቅ ጥቅል ማጋደም በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ሌሊት በመስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ቢወርድበት የበለጠ ይረዳል።

እንዲህ የተሠራ ቤት ያለ እሳት እንኳ ባዶ አይደለም። በዕረፍት ላይ ያለ የአንድ ሰው ሰውነት ወደ 80 ዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። አምስት ሰዎች የሚተኙበት ቤት እንግዲህ፥ አራት የቀድሞ ባለ 100 ሻማ አምፑሎች ሌሊቱን ሙሉ የሚሰጡትን ያህል ሙቀት ከሰዎቹ ብቻ ያገኛል። ይህ ሙቀት እስከ ዛሬ በየቤቱ ነበረ፤ በጣራው እየወጣ ይጠፋ ነበር እንጂ። ወደፊት በኤሌክትሪክ ለሚሞቅ ቤትም ነገሩ ያው ነው። የአዊ ጎረቤት በሆነው በመተከል ምድር የተሠራው የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ይሁን እንጂ የሚያፈስ ቤት የእንጨቱን ሙቀት እንደሚያፈስ የኤሌክትሪኩንም ያፈሳል።

ቤትን ማጥበቅ በሌላውም ዓለም የተሠራበት ነው። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በድንገት በናረ ጊዜ፥ ስዊድንና ዴንማርክን የመሳሰሉ ብርዳም አገሮች ቤቶቻቸው ሙቀት እንዲይዙ የሚያስገድድ ጥብቅ ደንብ አወጡ። ክፍተቱ ሁሉ ሲደፈን ግን አዲስ ችግር ታየ፤ በቤቱ ውስጥ የቆየው አየር መታፈንና መሻገት ጀመረ። ከዚህም የተነሣ የቤት ሥራ ሊቃውንት ቤትን በደንብ ማጥበቅ፥ ለአየር ግን የታወቀ መግቢያና መውጫ ማበጀት እንደሚገባ ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1991 በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ የተሠራው፥ በጥቂት ማገዶ የሚሞቅ ቤት የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

በእኛ አገር ግን አደጋው ከሻጋታ እጅግ የከፋ ነው፤ እኛ በተዘጋ ቤት ከሰል እናነዳለንና። ከሰል በበቂ አየር ካልነደደ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ሰውየውም እየተነፈሰ ይታፈናል። ፍሙ ከቀላና ጭሱ ካለቀ በኋላ ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ፤ ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ጭስ የሌለው ፍም፥ ዐመድ የለበሰውም ጭምር፥ ይህንኑ መርዝ ይሰጣል። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት ስለሚተኛ ሰው ደጋግሞ ማስጠንቀቁ በከንቱ አይደለም።

በተለይ የአራስ ቤት ያሳስበናል። ሕፃኑ ወንድ እንደ ሆነ 40፥ ሴት እንደ ሆነች 80 ቀን ሞልቶ ለክርስትና እስኪወጣ ድረስ፥ እናትና ልጅ ነፋስ እንዳይነካቸው በተዘጋ ክፍል ይቀመጣሉ፤ እንዲሞቃቸውም በፍቅር የከሰል ማንደጃ በአጠገባቸው ይደረጋል። ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ መርዙ ፈጥኖ ያገኘዋል። አራሷ ራሴን አመመኝ፥ አጥወለወለኝ ብትል የወሊድ ድካም ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ በአጠገቧ ከሰል ካለ ግን አስቀድሞ የሚጠረጠረው እርሱ ነው።

ስለዚህ በየቤቱ ሊጠበቁ የሚገባቸው ሥርዓቶች እነዚህ ናቸው። ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል ሊገባ አይገባም፤ ቡና ተፈልቶ እንኳ ቢሆን ማንደጃው ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። በየመኝታ ክፍሉ ከግድግዳው አናት አጠገብ መዳፍ የሚያክል፥ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ መተንፈሻ ይተው፤ በብርድም ጊዜ አይደፈን። ይህ ቀዳዳ ለመተንፈስ እንጂ ከሰል ለማንደድ ፈቃድ አይደለም። አራሷና አረጋውያን እንዲሞቃቸው፥ በደንብ በተከደነ ዕቃ የሞቀ ውኃ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሰውነታቸውን ሳይነካ በእግራቸው በኩል ይደረግላቸው። ከሕፃኑ ግን ይራቅ፤ ለእርሱ የእናቱ ገላ ከማንኛውም ማሞቂያ ይበልጣል።

አደጋው ደርሶ ሰው ሲያጥወለውለው ወይም ራሱን ስቶ ሲገኝ፥ በርና መስኮት ተከፍቶ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ወተት ማጠጣት ለዚህ መርዝ መድኃኒት አይሆንም፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ያንቀዋል። በአንድ ክፍል የነበሩት ሁሉ፥ ደኅና ነን ቢሉም እንኳ፥ አብረው ይታዩ።

ለማድ ቤቱም ጥቂት እንጨምር። እንጀራ የሚጋገርበት ምርጥ የሚባለው ምድጃ ከ3 ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል፤ ላቀች የሚባለውም የከሰል ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ያነሰ ከሰል ይበላል። ሁለቱም ማገዶ ያድናሉ እንጂ የከሰሉን መርዝ አያጠፉም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ጠንቅ ሞተዋል። ለጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ የሚደረግ ጭስ መውጫ እንግዲህ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም።

ለዚህ ሁሉ ሥራ የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ ሳይገባ፥ ጭቃው የሚደርቅበት ፀሐይ ሳለ ነው። የአንድ ቤት አናት መድፈንና መለሰን፥ ጎረቤት በወንፈል ቢሰበሰብ፥ ከአንድ ቅዳሜ የበለጠ አይፈጅም። የሚያስጠግን ልጅ የሌላት ባልቴት በየሰፈሩ አለች፤ ግድግዳዋን የሚመርግላት ስለ ሌለ ከሰሉን ከአልጋዋ ሥር አድርጋ በሯን የምትዘጋ እርስዋ ናት። የጽዋ ማኅበርና እድር ያላችሁ ቤተሰቦች በዚህ ዓመት ሥራውን ከእርስዋ ቤት ብትጀምሩ፥ ማንደጃዋን ከመኝታዋ አውጥታችሁ ጣራዋን ብታለብሱ፥ ክረምቱን በሰላም ታልፈዋለች።