የዘሩን ስም ብቻ ሳይሆን ወላጁንም እንጠይቅ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእህል ዘርን ስም ግን አንዴ ተመራማሪ፣ አንዴ ገበሬ፣ አንዴም ነጋዴ ያወጣዋል። የገበያው ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

እህል በረንዳ ሄዶ «ማኛ ስጠኝ» ያለ ሰው የሚመዘንለት በንጣቱ የተመረጠ ጤፍ ነው። በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል መዝገብ ግን ማኛ አንድ የታወቀ ዝርያ ነው፤ መለያው ዲዜድ-01-196። ይህ ዝርያ ከዱከም፣ ማለትም ከዲዜድ-01-974 ጋር ተዳቅሎ ቁንጮ ተገኘ። በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀው የቁንጮ መለያ ዲዜድ-ሲአር-387 ነው። «01» ከአገሬው ዘር የተመረጠ፣ «ሲአር» የተዳቀለ ማለት ነው። መለያውን የያዘ ሰው የዘሩን ወላጆች ፈልጎ ያገኛል፤ ስሙን ብቻ የሰማ ግን የገዛው ቀለም ነው።

ለእንጀራ ቀለም ይበቃ ይሆናል። በእርሻ ላይ ገንዘቡን ለሚያፈስ ግን አይበቃም። ለዚህ ኩብሳ የተባለው ስንዴ ምስክር ነው። ኩብሳ በመዝገብ ኤችኤአር-1685 ሲሆን፣ የተገኘው መቀመጫውን ሜክሲኮ ካደረገው ሲሚት ከተባለው ዓለም አቀፍ ማዕከል፣ አቲላ ከሚባል የስንዴ ዘር ነው። ከዚሁ ከአቲላ የወጣ ወንድሙ በሕንድ ፒቢደብሊው-343 ተብሎ ሰፊ መሬት ሸፍኖ ነበር። የሁለቱም የቢጫ ዋግ መከላከያ ዋይአር-27 የሚባል አንድ ጂን ነበር። ዋጉ ይህን መከላከያ ቀድሞ በሕንድ ሰበረው። በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ኩብሳ በአገራችን ማሳ ላይ በቢጫ ዋግ ተመታ። ዝምድናቸውን ለሚያውቅ ሰው የሕንዱ ጉዳት ማስጠንቀቂያ ነበር። ስም ብቻ ለሚያውቅ ግን የሩቅ አገር ወሬ ነው።

ባለሀብቱ ሦስት ስም ያላቸው ዘሮች ዘርቶ «አደጋዬን ከፋፍያለሁ» ይላል። ሦስቱ የአንድ ቤት ልጆች ከሆኑ ግን የከፋፈለው ስሙን እንጂ አደጋውን አይደለም። ለእርሻው ያበደረውም ባንክ፣ ምርቱን አስቀድሞ የተዋዋለውም ነጋዴ ከእሱ ጋር ይወድቃሉ።

«ገበሬው የሚያውቀው ስም ነው፤ ቁጥር ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። እውነት አላቸው። ስሙም በከረጢቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ከሥሩ ግን መለያ ቁጥሩና የወላጆቹ ስም በአማርኛም ሆነ በአካባቢው ቋንቋ ይከተሉ። ወጪው የአንድ መስመር ቀለም ነው። ደላላውም ለዘር የሚሆን እህል ሲያስማማ መለያውን በውሉ ላይ ያስፍር። መለያ የሌለውን ዘር በእህል ዋጋ እንጂ በምርጥ ዘር ዋጋ የሚገዛ አይኑር።

በሬ ስንገዛ የማን ዘር እንደሆነ እንጠይቃለን። ለከረጢቱም ያንኑ እናድርግ፤ ዘር ከልጓም ይስባልና።