ጤናችን፦ «አዞረኝ» ስንል

እኛ መምህራን ጠዋት በሰልፍ ላይ «ቲቸር፣ አዞረኝ» የሚሉ ልጆች እናያለን። ስንጠይቃቸው ብዙዎቹ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ውሃም ሳይጠጡ የመጡ ናቸው። ከትልልቆቹም የራሽን ሰልፍ ላይ ፀሐይ መትቷቸው «ዐይኔ ጭልም አለብኝ» ብለው የሚወድቁ አሉ።

ማዞር ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የሌላ ችግር ምልክት ነው። ስለዚህ «ቡዳ ነው» ብለን ብቻ አንለፈው። እንደ ካኩማ ባለ ሞቃት ቦታ ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ የውሃ ጥም ነው። ረሀብ፣ ደም ማነስ፣ ወባ፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒትም ያዞራሉ። መድኃኒቱ የሚያዞረን ከሆነ ለሐኪም እንንገር እንጂ በራሳችን አናቋርጠው። አልጋ ላይ ስንገላበጥ ቤቱ ለጥቂት ሰከንድ ከተሽከረከረብን ደግሞ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከውስጠኛው ጆሮ ነው፤ እሱም ይታከማል።

ሲያዞረን ምን እናድርግ?
- ወዲያው እንቀመጥ ወይም ጋደም እንበል። ስንነሣም ቀስ ብለን።
- ሰው ራሱን ስቶ ከወደቀ አንክበበው። በጀርባው አስተኝተን እግሩን ከፍ እናድርግ። እስኪነቃ ድረስ በአፉ ምንም አንስጠው። ቶሎ ካልነቃ በጎኑ አዙረን እርዳታ እንጥራ።
- ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ ኦ አር ኤስ እንጠጣ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እንበጥብጥ። ጨው አይብዛ።

እናቶች ሆይ፣ ለልጆች አካፍላችሁ የራሳችሁን ድርሻ የምትተዉት እናንተ ናችሁ። እናት ከወደቀች ቤቱ አብሮ ይወድቃል። ነፍሰ ጡሮች ክሊኒክ የሚሰጠውን የደም ማነስ ክኒን ሰገራ አጠቆረ ብላችሁ አትተዉት፤ መጥቆሩ የክኒኑ ጠባይ ነው። ምስርና ባቄላ ስንበላ ደግሞ ሻዩን አንድ ሰዓት ያህል እናዘግየው፤ ሻይ ከምግቡ የምናገኘውን ደም የሚሠራ ብረት ይቀንሳልና።

ከማዞሩ ጋር አፍ ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ አንድ እጅ ከሰነፈ፣ ደረት ከወጋ፣ ወይም ነፍሰ ጡሯን ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዛትና ዐይኗን ካደበዘዛት ግን «ነገ ይተወኛል» አይባልም። ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሰን ወደ ሆስፒታል!