«ኔትወርክ ነው» መልስ አይደለም

ነገሩ ያልደረሰበት ሰው ጥቂት ነው። አንዲት እናት ሱፐርማርኬት ገብታ የ1,850 ብር ዕቃ ትገዛለች። በስልኳ ትከፍላለች። ስክሪኑ ላይ ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ «ግንኙነት ተቋርጧል፣ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ወዲያው ኤስኤምኤስ ይገባል፦ 1,850 ብር ከሂሳብዎ ተቀንሷል። ካሸሪዋ ራሷን ትነቀንቃለች፤ «እናቴ፣ እኛ ጋ አልገባም»። ከኋላ ሰልፉ ረዝሟል። ሴትዮዋ ተሸማቃ ደግማ ትከፍላለች። በማግስቱ የባንኩ ቅርንጫፍ ስትሄድ የቅሬታ ፎርም ይሰጣታል። ምክንያቱን ስትጠይቅ የምትሰማው ሁለት ቃል ነው፤ «ኔትወርክ ነው»።

ይህቺ አባባል በአገራችን የተጠያቂነት መቀበሪያ ጉድጓድ ሆናለች። «ዝናብ ነው» እንደማለት ናት፤ ማንም የማይከሰስበት የተፈጥሮ አደጋ። ኔትወርክ መቋረጡ እውነት ነው። የሴትዮዋን ገንዘብ ኔትወርክ ወሰደው ማለት ግን ውሸት ነው። ኔትወርክ ሂሳብ አይቀንስም። የሚቀንሰው ሰርቨር ላይ የተጫነ ፕሮግራም ነው፤ ያንን ፕሮግራም የጻፈ፣ የገዛ፣ ፈትሾ ፈርሞ የተረከበ ሰው ደግሞ አለ።

ለምን እንዲህ እንደሚባል ለመረዳት ስልኩና ሰርቨሩ እንዴት እንደሚነጋገሩ ማየት ያስፈልጋል። የሚነጋገሩት ሶኬት በሚባል በር ነው። ግድግዳ ላይ ካለው የመብራት ሶኬት ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አይገናኝም፤ ሁለት ኮምፒውተሮች መረጃ የሚለዋወጡበት መስመር ጫፍ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። መረጃን በቅደም ተከተል የሚያደርሰው ቲሲፒ የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1981 ተጽፏል፤ ሶኬት ደግሞ የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ1983 ካወጣው የዩኒክስ ስሪት ጋር ተሰራጨ።

ቲሲፒ ጎበዝ ፖስተኛ ነው። መስመሩ እስካለ ድረስ የላኩትን አንድ ፊደል ሳያዛንፍ በተራው ያደርሳል። ሁለት ነገር ግን አይሠራም። አንደኛ፣ መልእክት የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አያውቅም። ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ሁለት ነጥብም አራት ነጥብም የሌለው ጽሑፍ ነው፦ «ለአልማዝአምስትመቶብርስጥለከበደሁለትሺህብርስጥ»። ስለዚህ ላኪው ከእያንዳንዱ መልእክት ፊት ርዝመቱን ይጽፋል፣ ተቀባዩም ያንን ያህል ቆጥሮ ይወስዳል። ይህ ቀላሉ ነው፤ ጀማሪ ፕሮግራመር አንድ ሳምንት ተበሳጭቶበት ያልፈዋል።

ገንዘብ የሚበላው ሁለተኛው ነው። መልስ ሳይመጣ መስመሩ ከተቆረጠ ላኪው የትእዛዙን ዕጣ ማወቅ አይችልም። ትእዛዙ ሲሄድ ጠፍቶ ይሁን፣ ወይስ ከተፈጸመ በኋላ መልሱ ሲመለስ ጠፍቶ፣ ከስልኩ በኩል ሁለቱም አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው።

ስልክ ባልነበረበት ዘመን አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ጎጃም ላለው ወንድሙ «ሁለት ኩንታል ጤፍ ላክልኝ» ብሎ ጻፈ እንበል። ወር አለፈ፣ መልስ የለም። ደግሞ ቢጽፍ አራት ኩንታል ሊመጣበትና ዕዳ ሊገባ ነው፤ ዝም ቢል ቤተሰቡ ጾሙን ሊያድር ነው። ብልህ ከሆነ ግን ደብዳቤው ላይ ከመጀመሪያው ቁጥር ይጽፍበታል፦ «ይህ ሰባተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሰባተኛውን ከዚህ በፊት አግኝተህ ከሆነ ጤፍ አትጨምር፣ ምላሽህን ብቻ ድገምልኝ።» ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ቢልከውም ጉዳት የለውም። መፍትሔው ይኸው ነው። ፈጣን ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። ቁጥር መጻፍና የተጻፈውን ቁጥር ማስታወስ ብቻ ነው።

ባንኮች ይህን አያውቁም ብሎ መከራከርም አይቻልም። የካርድ ክፍያ የሚሄድበት አይኤስኦ 8583 የተባለው ዓለም አቀፍ የመልእክት ደረጃ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። መልእክቱ እንደ ፎርም በተቆጠሩ መስኮች የተከፋፈለ ነው። መስክ 4 የገንዘቡ መጠን ነው። መስክ 7 መልእክቱ የተላከበት ቀንና ሰዓት፣ መስክ 11 ባለ ስድስት አኃዝ መከታተያ ቁጥር፣ መስክ 39 የመልሱ ኮድ፤ 00 ከሆነ ጸድቋል፣ 51 ከሆነ ሂሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ የለም። ጥያቄው 0200 ተብሎ ይሄዳል፣ መልሱ 0210 ተብሎ ይመጣል። 0210 በጊዜው ካልመጣስ? ጠያቂው 0420 ይልካል፤ «ያንን ቁጥር የያዘውን ክፍያ ፈጽመኸው ከሆነ መልሰው» ማለት ነው። ለ0420ም መልስ ካላገኘ ይደግመዋል፤ ሲደገም ስሙ 0421 ነው። ደረጃውን ያወጡት ሰዎች ኔትወርክ እንደሚቋረጥ አሳምረው ያውቁ ነበር። ለመቋረጡ ቁጥር ሰጥተውታል!

የስልክ መተግበሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚልኩት በሌላ አጻጻፍ፣ ጄሰን በተባለው ነው። አጻጻፉ ቢለወጥም ደንቡ አይለወጥም። ደንበኛዋ «ክፈል» የሚለውን ስትጫን ክፍያው ቁጥር ያገኛል፣ ቢደገምም በዚያው ቁጥር ይደገማል። «እንደገና ይሞክሩ» የሚለው ቁልፍ በተነካ ቁጥር አዲስ ቁጥር የሚፈጥር ከሆነ ግን መተግበሪያው ደንበኛውን ሁለቴ እንዲከፍል እየጋበዘ ነው። ይህ የሥራ ጥራት ጉድለት ነው፤ ከፋይበር መስመር ጋር ምንም አያገናኘውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስህተቱ ሲፈጠር የሚሸከመው ማን ነው? መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት ለ7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ ከሌለ ገንዘብ ያወጡበትና ያስተላለፉበት ነገር ተፈጠረ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር እንደሆነ ገለጸ፤ የተወሰደውንም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ አደረሰው። ያልመለሱ ሰዎች በመቶዎች እየተቆጠሩ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ለሕዝብ ተለጠፈ። ያልተገባ ገንዘብ መመለስ አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን ልብ ይባል። ገንዘቡ በስህተት ከባንክ ወደ ደንበኛ ሲሄድ እያንዳንዱ ብር የት እንደደረሰ፣ በማን እጅ እንደገባ በቀናት ውስጥ ታወቀ። ከደንበኛ ሲቆረጥና መንገድ ላይ ሲቀር ግን «እናጣራለን፣ ይጠብቁ» ነው። የሚጣራው በዚያው ዓይነት መዝገብ ነው እኮ!

የሰርቨርን ቃል ከሰው ቃል አስበልጦ ማመን የት እንደሚያደርስ ማየት የሚፈልግ እንግሊዝን ይመልከት። ፖስታ ቤታቸው ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን በተባለ የፉጂትሱ ሲስተም ሲሠራ፣ ሂሳብ ጎደለባችሁ ተብለው ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ተፈረደባቸው። ንጹሐን ታሰሩ። ከሲስተሙ ስህተቶች አንዱ በ2015 ዳልሜሊንግተን በምትባል የስኮትላንድ ከተማ የታየው ነው። የገንዘብ መረከቢያው ስክሪን ደርቆ ቁልፉ ተደጋግሞ ሲጫን፣ 8,000 ፓውንዱ አራት ጊዜ ተመዘገበ፤ በዓለም ላይ የሌለ 24,000 ፓውንድ «ጎደለ»። የሴትዮዋ ታሪክ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ እስር ቤት ማስገባቱ ነው። ፍርዶቹን በጅምላ የሚሰርዝ ሕግ የወጣው በ2024 ነው።

«ድሃ አገር ነን፣ መሠረተ ልማታችን ደካማ ነው» የሚል መከራከሪያ ይመጣል። ይህ መከራከሪያ የተገላቢጦሽ ነው። መስመሩ ብዙ ጊዜ የሚቆረጥበት አገር ነው ይበልጥ መቆረጡን ቀድሞ አስቦ መሥራት ያለበት። ጎርፍ ያለበት መንደር ውስጥ ድልድይ ሳይሠራ «ወንዙ ነው» የሚል መሐንዲስ ደመወዝ አይከፈለውም።

ሕንድም ኔትወርኳ ይቆረጣል። ማዕከላዊ ባንኳ ግን መስከረም 20 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሰርኩላር ቀን ቆረጠ። ኤቲኤም ሂሳብ ቀንሶ ብር ካልሰጠ ባንኩ በአምስት ቀን ውስጥ ራሱ ይመልሳል። ዩፒአይ በተባለው የስልክ ዝውውር ተቆርጦ ለተቀባዩ ካልገባ እስከ ማግስቱ ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ በየቀኑ 100 ሩፒ ካሳ አለ፤ ካሳው ደንበኛው አቤት እስኪል አይጠብቅም። ይህ ሰርኩላር አንድም ኬብል አልዘረጋም። ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመልእክት መጥፋትን ኪሳራ ከደንበኛው ኪስ አውጥቶ ባንኩ ኪስ ውስጥ ከተተው። ኪሳራው የራሱ ሲሆን ደግሞ የትኛውም ባንክ 0420ን ያስታውሳል።

ብሔራዊ ባንክም እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ቀንና ዕለታዊ ካሳ፣ ያለ አቤቱታ የሚከፈል፣ ሊያስገድድ ይገባል። ባንኮችና የቴሌኮም የክፍያ አገልግሎቶችም በየወሩ ስንት ክፍያ መንገድ ላይ እንደቀረባቸውና ስንቱን በስንት ቀን እንደመለሱ በስማቸው ያውጡ። የደንበኛን ፎቶ መለጠፍ ከተቻለ የራስን ቁጥር መለጠፍ አያቅትም።

እስከዚያው ሴትዮዋ ቅርንጫፉ ውስጥ ቆማ ፎርም እየሞላች ነው። የተከፈለበት ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ የሂሳብ ቁጥር፣ የግብይት ቁጥር። የተጠየቀችው ሁሉ ሰርቨሩ ላይ አለ፤ መስክ 4፣ መስክ 7፣ መስክ 11። ፎርሙ ላይ «ገንዘቡ የሚመለስበት ቀን» የሚል መስመር ግን የለም።