ገበያ ሲቀዘቅዝ የንግድ መሣሪያ ወጪን ስለ መቀነስ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት የመተማን በር ንግድ ክፉኛ ጎድቶታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በክልላችን ግጭት በመፈጠሩ መንገድ እየተዘጋ፥ የጭነት ኪራይም እየናረ፥ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። ይህ ሳያንስ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፥ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ለሰሊጥ ላኪ ይህ ለውጥ የሚያስደስት ጎን እንደ ነበረው አይካድም። ለአስመጪና ለባለሱቅ ግን ዕቃ በተሸጠበት ዋጋ ተመልሶ የማይገዛበት ዘመን ሆነ።

ዛሬ ልናወሳ የፈለግነው ከወጪዎቻችን አንዱን ነው፤ ይኸውም ለኮምፒዩተር፥ ለማተሚያ፥ ለሽያጭ መመዝገቢያ፥ ለጄኔሬተርና ለስልክ መስመር የምናወጣው ገንዘብ ነው። በውጭ አገር 300 ዶላር የሚሸጥ ኮምፒዩተር በቀድሞው ምንዛሪ 17,100 ብር ነበር፤ ዶላር 100 ብር በገባ ጊዜ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታሰብ 30,000 ብር ሆኗል። እንግዲህ ነጋዴው ይህን ወጪ ለመቀነስ መጨነቁ ትክክል ነው። የሚቀንስበት መንገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ሆኖ አላገኘነውም።

ገበያ ሲቀዘቅዝ በመጀመሪያ የሚቆረጠው በየወሩ የሚታየው ክፍያ ነው። ጥገና ይቀራል፤ የስልክ ጥቅልም ይቀራል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከዓላማዎቹ አንዱ፥ ገበሬውና ነጋዴው የዕለቱን ዋጋ ሳይውል ሳያድር እንዲያውቁ ነበር። በመኸር ጊዜ ጥቂት መቶ ብር ለመቆጠብ ብሎ ስልኩን የዘጋ ሰብሳቢ ግን ዋጋውን ከደላላ አፍ መስማት ግድ ይሆንበታል፤ ደላላም የሚነግረው ለራሱ የሚበጀውን ነው። በአንድ ጭነት ሰሊጥ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የዓመት የስልክ ወጪን ሊሸፍን ይችላል።

በእኛ አስተያየት መቆረጥ የሚገባው መሣሪያው ሳይሆን መደራረቡ ነው።

ባለፈው በጋ በገንዳ ውሃ ገበያ በአንድ ረድፍ በተሠሩ ሱቆች ፊት ስናልፍ መብራት ጠፍቶ ነበርና፥ አምስት ትናንሽ ጄኔሬተሮች በአንድነት ሲያጓሩ ሰማን። ምን እንደሚያሠሩባቸው ብንጠይቅ፥ አንዱ አምፖልና የሽያጭ መመዝገቢያ፥ ሌላው አንድ ላፕቶፕ፥ ሦስተኛው ቬንቲሌተርና የስልክ ቻርጀር መሆኑን ነገሩን፤ የቀሩትም ከዚህ የተለየ አልነበራቸውም። ሒሳቡ ይህ ነው። ላፕቶፕ የሚወስደው 60 ዋት ያህል ነው፤ የጠረጴዛ ቬንቲሌተር 50 ዋት ያህል፥ አምፖሉ 10 ዋት ነው። የአምስቱ ሱቆች ፍጆታ ቢደመር 500 ዋት አይሞላም፤ ሁሉንም አንድ ባለ 1,000 ዋት ሞተር ያለ ድካም ይሸከመዋል። ሞተር ደግሞ ጭነቱ ባነሰ መጠን ነዳጁ በዚያው ልክ አይቀንስለትም፤ ባዶውን ሲዞርም ይጠጣል። ስለዚህ አንድ ሞተር የሚበቃውን ሥራ በአምስት ሞተር፥ በአምስት ዘይት፥ በአምስት ካንዴላና በአምስት መካኒክ ያሠሩ ነበር። ጢሱና ጩኸቱ ደንበኛ ማራቁን አንቆጥረውም።

የሚያስገርመው፥ እነዚሁ ነጋዴዎች በአንድ እቁብ የተሰበሰቡ መሆናቸው ነው። ብዙ ሺህ ብር ለእቁብ ዳኛ አምኖ የሚሰጥ ሰው፥ ከጎረቤቱ ሱቅ አንድ ገመድ ለመሳብ ያመነታል።

ይህንን ለአንድ ሽማግሌ የሰሊጥ ነጋዴ ብናጫውታቸው፥ «ልጄ፥ የነገርኸኝ መልካም ነው፤ ግን የዱቤ መዝገቤን ጎረቤቴ ካየ ነገ ደንበኛዬን ይወስድብኛል» አሉን። «እውነትዎን ነው አባቴ፤ ኃይሉን ይጋሩ እንጂ መዝገቡን ይጋሩ አላልንም» ብንላቸው ፈገግ ብለው ዝም አሉ። የሽማግሌው ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአንድ የጋራ ኮምፒዩተር የብዙ ነጋዴ ሒሳብ መያዝ ከቁጠባው ይልቅ ጠቡ ይበልጣል። ጄኔሬተር፥ የወረቀት ማተሚያና ማባዣ፥ የሰሊጥ እርጥበት መለኪያ ግን የማንንም ምስጢር አይናገሩም። በተለይ የእርጥበት መለኪያ በመኸር ወራት ብቻ የሚሠራ፥ ዘጠኝ ወር በመደርደሪያ የሚያንቀላፋ ዕቃ ነው።

ጄኔሬተሩን በፀሐይ ኃይል ለመተካት የሚያስቡም አሉ። ፀሐይ በእኛ ቆላ አይጎድልም። ነገር ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በእጅጉ ያጥራል፤ ባትሪውን በቆርቆሮ ጣራ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ከተነገረው ጊዜ ቀድሞ ሌላ ለመግዛት ይገደዳል። ገዢው ስለ ፓነሉ ብዙ ጠይቆ ስለ ባትሪው ማስቀመጫ ሳይጠይቅ የሚመለስ መሆኑን ደጋግመን ታዝበናል።

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በሕግ የታዘዘ ስለ ሆነ ይህን እንቀንሰው የሚያሰኝ አይደለም፤ ብልሽቱን መቀነስ ግን ይቻላል። አቧራና የመብራት መዋዠቅ ዋና ጠላቶቹ ናቸው፤ ሁለቱም በጨርቅ መሸፈኛና በስታብላይዘር ይታገዳሉ። ወረቀቱ በሙቀት የሚጻፍበት በመሆኑ፥ ጥቅሉን በመስኮት አጠገብ ወይም በመኪና ውስጥ የሚተው ባለሱቅ ሳይጠቀምበት ጠቁሮ ያገኘዋል። የተጻፈውም ደረሰኝ ከጊዜ በኋላ ስለሚደበዝዝ፥ የግዢ ደረሰኞችን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማኖር ለግብር ምርመራ ቀን ይጠቅማል።

ስለ ኮምፒዩተር ባጭሩ እንናገር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፥ ሻጮች አሮጌውን ጥላችሁ አዲስ ግዙ ማለታቸው አይቀርም። ደብዳቤና ሒሳብ ብቻ ለሚሠራበት ነጋዴ፥ ባለው ማሽን ላይ ሜሞሪ መጨመርና ዲስኩን በኤስ.ኤስ.ዲ. መለወጥ፥ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሲስተምም ማስጫን ከአዲስ ግዢ እጅግ ያነሰ ወጪ ነው።

ከሁሉ የረከሰው መሣሪያ ግን የወረቀት መዝገብ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ወቅት ዱቤያቸውን በኢንተርኔት በሚከፈት መዝገብ ብቻ የያዙ ነጋዴዎች ማን ምን ያህል እንዳለበት ማየት ተስኗቸው፥ ተበዳሪው በልቡ የያዘውን ቁጥር ለመቀበል ተገደዋል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የስልክ አገልግሎት ሥራችንን ያቀለሉልን ስለ መሆናቸው ክርክር የለንም። ቢሆንም ማታ ሱቅ ሲዘጋ የዕለቱን ዱቤና ክፍያ በቀለም ጽፎ ማደር ዐሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ወደ ጄኔሬተሩ ስንመለስ፥ የንግድ ምክር ቤታችን ሰሊጡ በጥቅምት ከመታጨዱ በፊት በየረድፉ ያሉትን ባለሱቆች ሰብስቦ ቢያወያይ መልካም ይመስለናል። በውሉ መግባት ያለባቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ የነዳጁ ድርሻ በሱቅ ቁጥር ይሁን ወይስ በሚወሰደው ዋት፥ በወሩ አጋማሽ ሱቁን የዘጋ ሰው ድርሻው እንዴት ይታሰብለት፥ ትርፍ የሆኑት አራቱ ሞተሮች ቢሸጡ ገንዘቡ ለባለቤቶቹ ይመለስ ወይስ ለጥገና ይቀመጥ የሚሉት ናቸው። ከእነዚያ አምስት ባለሱቆች ሦስቱ በሐሳቡ ተስማምተዋል። አራተኛው የጄኔሬተሩ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚያድር ሳይወሰን ገመድ አልስብም ብሏል፤ አምስተኛው የእርሱን መልስ እየጠበቀ ነው።