ለጉም ሦስት ሚዛን፣ ለሰው ነፍስ አንድ ሚዛን!

ዲላ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። መብረር ያማረው 90 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ሐዋሳ መሄድ አለበት። ወሬውን ግን ማን ይከለክለናል? በየሻይ ቤቱ ጨዋታው ከተነሳ ሁለት ነገር ይሰማል። አንደኛው «አውሮፕላን እኮ ዛሬ ራሱ ነው የሚያርፈው፤ ፓይለቱ ለወጉ ነው የተቀመጠው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር «ፓይለቱ ነው ያጠፋው» የሚል ነው። ለመሆኑ ለወጉ የተቀመጠ ሰው ተመልሶ እንዴት ጥፋተኛ ይሆናል?

ነገሩን የጌዴኦ ሰው ጠንቅቆ በሚያውቀው በሚዛን እንየው። ቀይ እሸት ቡና ተሸክሞ የመጣ ገበሬ ፊቱ ያለው ሚዛን አንድ ብቻ ከሆነ የተባለውን ኪሎ ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም። ሁለት ሚዛን ኖሮ ካልተስማሙ አንዱ እንደሚዋሽ ያውቃል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም። ስለዚህ ቡናውን አንስቶ ይሄዳል። ሦስት ሚዛን ካለ ሁለቱ ተስማምተው ዋሾውን ያጋልጡታል፤ ግብይቱም ይቀጥላል።

አውሮፕላን በጉም ውስጥ ራሱን ችሎ ሲያርፍ የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ማኮብኮቢያው አጠገብ የተተከለው፣ አይ ኤል ኤስ የሚባለው መሣሪያ የራዲዮ ምሪት ይልካል። አውቶፓይለቶቹ ያንን ተከትለው ይወርዳሉ። የራዲዮ ከፍታ መለኪያው ደግሞ መሬት ምን ያህል እንደቀረ ይነግራቸዋል። እንደ ቦይንግ 767 ባሉት ላይ አውቶፓይለቱ ሦስት ነው፤ ከ200 ጫማ በታች ከወረዱ በኋላ አንዱ ቢበላሽ የቀሩት ሁለቱ አውሮፕላኑን ያሳርፉታል። በብዙዎቹ 737 ላይ ግን ሁለት ብቻ ነው። ካልተስማሙ ሥራቸውን ይለቃሉ፤ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ካፒቴኑም ማኮብኮቢያው ካልታየው ለሞተሩ ጉልበት ሰጥቶ ወደ ላይ ይመለሳል። እንግዲህ የጥበቡ ምስጢር ማሽኑ የማይበላሽ መሆኑ አይደለም። ሲበላሽ «ተበላሽቻለሁ» ማለቱ ነው!

ሰው የሚጨርሰው ሳይናገር የሚዋሸው መሣሪያ ነው። የካቲት 18 ቀን 2001 ዓ.ም. የቱርክ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አምስተርዳም ለማረፍ ተቃርቦ ነበር። ገና ወደ 2 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ የግራው ከፍታ መለኪያ መሬት እንደደረሱ ተናገረ። የሞተሩን ጉልበት የሚቆጣጠረው አውቶማቲክ የቀኙን ሳይጠይቅ አመነው፤ ጉልበቱንም ቀነሰ። ፓይለቶቹ የፍጥነቱን መውረድ ሲያዩ ረፍዶ ነበር። 9 ሰው ሞተ።

ወደ አገራችን እንምጣ። መጋቢት 22 ቀን 1995 ዓ.ም. የብሪቲሽ ሜዲትራኒያን ኩባንያ ኤርባስ በደመና ውስጥ ወደ ቦሌ ሲወርድ አንድ ኮረብታ ጫፍ በ56 ጫማ ብቻ በልጦ አለፈ። 17 ሜትር ማለት ነው! ቪ ኦ አር የሚባለው የአዲስ አበባው የአቅጣጫ ራዲዮ አንቴናው ላይ ውኃ ገብቶበት የተሳሳተ አቅጣጫ ይሰጥ ነበር። የአውሮፕላኑ ኮምፒዩተር ያለበትን ቦታ ከዚያው ራዲዮ ወሰደ፤ «መሬት ቀርቧል» ብሎ መጮህ የነበረበት ማስጠንቀቂያም ከኮምፒዩተሩ ወሰደ። በአንድ ሐሰተኛ መመዘኛ የተስተካከሉ ሁለት ሚዛኖች ሁለት ሚዛን አይባሉም። አንድ ውሸት ሁለት ጊዜ ሲነገር ነው።

ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ቦይንግ ኤምካስን የሠራው። ለጉሙ ሦስት አውቶፓይለት የሚያስቀምጥ ኩባንያ፣ የማክስን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋውን መሣሪያ ለአንድ መለኪያ ብቻ አሳልፎ ሰጠው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ጉም አልነበረም። ከቦሌ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 የግራ መለኪያ 74.5 ዲግሪ ብሎ ዋሸ። የቀኙ እውነቱን ይናገር ነበር፤ ግን ማን ጠየቀው? በ6 ደቂቃ ውስጥ 157 ሰው ቢሾፍቱ አቅራቢያ አለቀ። ከዚያ አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ላይ በዚሁ መሣሪያ 189 ሰው አልቆ ነበር።

ከዚያስ? ግንቦት 2011 ላይ ሳም ግሬቭስ የተባሉት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል፣ አሜሪካ የሠለጠኑ ፓይለቶች ቢሆኑ ኖሮ ይወጡት ነበር ብለው አረፉት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው! የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም የእኛው መርማሪ የመጨረሻ ሪፖርት የፓይለቶቹን ሥራ በበቂ አልመረመረም ብሎ ተከራክሯል። ይከራከር፤ መብቱ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይመልሱልን። ማክስ ከታገደ በኋላ የተደረገው ማስተካከያ ምን ነበር? ኤምካስ ሁለቱን መለኪያዎች እንዲያነጻጽርና ልዩነታቸው ከ5.5 ዲግሪ ከበለጠ እንዳይሠራ ማድረግ ነበር። ሁለተኛው ሚዛን እኮ ቀድሞውንም አውሮፕላኑ ላይ ነበር! ዞር ብሎ የሚያየው ነው የጠፋው።

ሚዛኑን የሚፈትሸው ባለ ሚዛኑ ራሱ ከሆነ ገበሬው ገና ሳይመዘን ተበልቷል። አሜሪካ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው፤ የማክስ ምርመራ አብዛኛው ለቦይንግ ለራሱ ሠራተኞች ተለቅቆ ነበር። እኛስ? የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሐዋሳን ጨምሮ በየክፍለ አገሩ ማረፊያ ምን የምሪት መሣሪያ እንደተተከለ፣ መጨረሻ የተፈተሸው መቼ እንደሆነ፣ የፈተሸውም ማን እንደሆነ ትኬት ለሚገዛው ሕዝብ በግልጽ ያሳውቅ። የቦሌውን አንቴና ውኃ ሲገባበት መንገደኛው አላየም፤ ሊያይም አይችልም። የቡሌን ደጋ ጉም ማንም አያስቀረውም፤ ያለ ሁለተኛ ሚዛን ማብረርን ግን ማስቀረት ይቻላል።