ሐሙስ በሐሙሲት



የሳምንቱን ቀኖች በመሬት ላይ ተጽፈው ለማንበብ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ወደ ጣና ዙሪያ ይምጣ። ከጎንደር ወደ ደቡብ ሲወርዱ ማክሰኚት የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟን ያገኘችው ከማክሰኞ ነው። በባሕር ዳር አቅራቢያም፣ በሌላውም የአማራ ክፍል ሮቢት የሚባሉ ቦታዎች አሉ፤ ስማቸው ከሮብ የመጣ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሐሙሲት ተቀምጣለች፤ በዚያው በደራ ወረዳ ውስጥ ደግሞ ዓርብ ገበያ ትገኛለች። ካርታ ዘርግቶ ለሚመለከት ሰው ማክሰኞ፣ ሮብ፣ ሐሙስና ዓርብ በየቦታቸው ተቀምጠው ይታዩታል። ቀሪዎቹንም ቀኖች ፈልጎ የሚያጣቸው አይመስለኝም።

ይህ ድልድል ያለ ምክንያት አልተደረገም። ጎረቤታሞች የሆኑ ገበያዎች ሁሉ በአንድ ቀን ቢውሉ ኖሮ፣ ጨውና ቡና፣ ጨርቅና ሳሙና ጭኖ የሚዞረው ነጋዴ አንዱን ሲይዝ ሌላውን ባጣው ነበር። ገበሬውም በአንዱ ገበያ ያልተሸጠለትን ወይፈን በሌላው ለመሞከር ባልቻለ ነበር። ስለዚህ ቀኖቹን ተከፋፈሏቸው። በሰሜን ሕንድ ገጠርም ነገሩ እንደዚሁ ነው፤ «ሃት» የሚባለው ሳምንታዊ ገበያ ከመንደር መንደር በተለያየ ቀን ይውላል፤ ሻጩም ዕቃውን ይዞ ይከተለዋል። ባሕር ቢለያይም የገበሬ ኑሮ የሚያመጣው ዘዴ ይመሳሰላል ማለት ነው።

ዛሬ ስለ ሐሙሲት ላጫውታችሁ የፈለግሁት ያለ ነገር አይደለም። ከእናንተ መካከል ተማሪ የሆነው ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። ሥራ የያዘው ደግሞ አንድ ቀን እርስዋን በመሰለች ከተማ ይመደብ ይሆናል። ታዲያ ብዙው ወጣት የምድብ ደብዳቤውን ሲቀበል ፊቱ ይጠቁራል፤ ወዳጆቹም እንደ ግዞተኛ ይሸኙታል። እኔ ግን ወደዚያች ከተማ ገና ሳትመደቡ በገበያ ቀን ሄዳችሁ እንድትጎበኟት እመክራችኋለሁ።

መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ከ30 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ላይ ትገኛለች፤ ወደ ወረታ የሚሄድ ሚኒባስ ያደርሳችኋል። ከባሕር ዳር ስትወጡ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይን ድልድይ ትሻገራላችሁ። በቀኝ በኩል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት የቤዛዊት ኮረብታ ይታያል። ጥቂት ራቅ ስትሉ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበትን ዘንዘልማን ታልፋላችሁ። ከዚያ ወዲያ የገበያውን ቀን ማንንም ሳትጠይቁ ታውቁታላችሁ። የመንገዱ ዳርና ዳር በአህያና በሰው ይሞላል፤ አንዲቱ ዶሮ አንጠልጥላ፣ አንዱ በግ እየጎተተ፣ ሌላው ጌሾ ተሸክሞ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጓዝ ታዩታላችሁ።

ሐሙሲት ዛሬ በአውራ ጎዳናው ላይ ብትታይም፣ በዚህ የጣና ዳርቻ የቀደመው የንግድ ስም የእርስዋ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት ነጋዴ የሚበዛባትና ስሟ የሚጠራው ከተማ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ያለችው ቆራጣ ነበረች። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በዘጌ ሰፍረው ሳሉ፣ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝ ራሳም የተቀመጠው በዚችው በቆራጣ ነበር። ከዚያ በሰሜን ያለችው ይፋግም በጎጃምና በጎንደር መካከል ለሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ ታላቅ ገበያ ነበረች። በዚያ ዘመን ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው ከብር ጋር ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን የመኪናው መንገድ ቆራጣን ወደ ጎን ትቷት ያልፋል፤ ስሟንም ይበልጡን የሚያነሣው የወለተ ጴጥሮስን ገዳም ለመሳለም የሚሄድ ሰው ነው። ከተማን ገበያ ያቆማታል፤ ገበያን ደግሞ መንገድ ወደ ራሱ ይስበዋል። ይህን በመጽሐፍ ካነበበው ይልቅ ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን ያየ ሰው በደንብ ይረዳዋል።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። በመጀመሪያ ሲያዩት ግርግር ብቻ ይመስላል፤ «ግርግር ለሌባ ያመቻል» እንደሚባለውም ኪሳችሁን ጠበቅ ማድረግ አይከፋም። ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ ቆም ብሎ ላስተዋለ ሰው ሁሉም በየተራው እንደ ተቀመጠ ይታያል። ከብቱ ለብቻው ከዳር ነው፤ እህሉ በአንድ ወገን፣ በርበሬና ቅመም በሌላ ወገን፣ ሸክላውና እንሥራው ደግሞ እግር በማይበዛበት ቦታ ይደረደራል። ማረሻና ማጭድ የሚሸጠውን፣ ጨው የሚቸረችረውን፣ ቅቤ በቅጠል ሸፍና የተቀመጠችውን ሁሉ የለመደ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያገኛቸዋል።

ከብት ተራ ስትደርሱ የመሬት ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ ገባችሁ ቁጠሩት። ገዢው የበሬውን ጥርስ ያያል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ጥቂት ያስኬደዋል። ዋጋው ከተስማማ በኋላም ነገሩ አያልቅም፤ የማይታወቅ ሻጭ ከሆነ ዋስ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም የተሰረቀ ከብት የገዛ ሰው ገንዘቡንም በሬውንም ሊያጣ ይችላል። ሕግ የምትማሩ ወጣቶች ስለ ውልና ስለ ዋስትና በክፍል ውስጥ የሰማችሁትን እዚህ ቆሞ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ቅቤ ተራ ደግሞ ሌላ ዕውቀት አለ። እናቶች ቅቤውን በጣት ነክተው፣ አሽትተው፣ አንዳንዴም በመዳፋቸው አሽተው ለጋ መሆኑንና አለመሆኑን፣ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት እንደ ሆነም ይለያሉ።

በእህል ተራ የምታዩት ደግሞ የአካባቢውን ታሪክ ይነግራችኋል። ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ ኑጉና ጓያው ከጥንት የነበሩ ናቸው። ሩዙ ግን እንግዳ ነው። ከሐሙሲት አልፎ ጉማራን ሲሻገሩ የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ይበልጡን በከብቱ የሚታወቅ አገር ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በረዱበት ሙከራ ሩዝ ተዘራበት። ውሃ የተኛበት መሬት ለጤፍ ባይስማማም ለሩዝ ተስማማው፤ ገበሬውም ይህን በዓይኑ ስላየ ተቀበለው። ዛሬ በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል ቆሟል፤ የአካባቢው ባለቤቶችም ሩዙን ከጤፍ ጋር እየቀላቀሉ እንጀራ ይጋግሩታል። ገበሬ አዲስ ነገር አይቀበልም እየተባለ በየስብሰባው ሲነገር ስትሰሙ፣ የፎገራን ሩዝ አስታውሱ።

ለጎብኚ የሚያስፈልገው ጠባይ ጥቂት ነው። የተዘረጋ እህል አትራመዱበት። ልትገዙ ሳታስቡ ዋጋ እየጠየቃችሁ የሰው ጊዜ አትፍጁ። ሳታስፈቅዱ በስልካችሁ ሰው ፎቶግራፍ አታንሡ። አዛውንቱን «አባባ»፣ እናቲቱን «እማማ» በሉ፤ እኩያችሁን ደግሞ እንደ ልማዱ። መከራከር የገበያ ወግ ስለ ሆነ ዋጋ ብትጠይቁና ብታስቀንሱ ማንም አይቀየማችሁም፤ መጨረሻ ላይም «እስቲ ምርቃት ጨምሪልኝ» ማለት ያምራል። ነገር ግን ሦስት ሰዓት በእግሯ ከመጣች ሴት ጋር ስለ ጥቂት ብር ግማሽ ሰዓት መሟገት ለተማረ ሰው ጌጥ አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህንን የምለው ይበልጡን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለተቀጠራችሁና ወደፊትም ለምትቀጠሩ ነው።

ከከተማው ሦስት ሰዓት በእግር ርቆ የሚኖር አንድ ገበሬ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ጧት በ12 ሰዓት ይነሣል፤ በ3 ሰዓት ከገበያ ይደርሳል። ያመጣውን ሳይሸጥ ወደ መሥሪያ ቤት መሄድ አይችልም፤ አህያውን ማን ይጠብቅለታል? የሚከፍለውስ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ሸጦ ሲጨርስ 6 ሰዓት ይሆናል። ከመሥሪያ ቤቱ በር ሲደርስ ሠራተኛው በ6 ሰዓት ተኩል ለምሳ ለመውጣት ወረቀቱን እየሰበሰበ ነው። ገበሬው ከደጅ ተቀምጦ እስከ 7 ሰዓት ተኩል ይጠብቃል። ከዚያም ሰልፍ አለ። ሳይመሽበት ከቤቱ ለመድረስ ቢዘገይ በ9 ሰዓት መነሣት አለበት። እንግዲህ የመንግሥት ቀን 8 የሥራ ሰዓት ቢሆንም ለዚህ ሰው የቀረችው አንዲት ሰዓት ተኩል ናት። በዚህች ሰዓት ውስጥ ወጣቱ ሠራተኛ ቀና ሳይል፣ «አባባ፣ ኃላፊው የሉም፤ ነገ ይምጡ» ይለዋል።

ለሠራተኛው «ነገ» ማለት አንድ ሌሊት ነው። ለገበሬው ግን «ነገ» ማለት የሚመጣው ሐሙስ ነው፤ ሰባት ቀን። በሚመጣው ሐሙስ ደግሞ «ፎቶግራፍ ጎድሏል» ቢባል ሌላ ሰባት ቀን፤ በሦስተኛውም «ማኅተሙ የለም» ቢባል ሌላ ሰባት ቀን ይጨመራል። በመዝገቡ ላይ ሦስት ቀጠሮ ብቻ ተጽፎ ይታያል፤ በገበሬው ኑሮ ላይ ግን ሦስት ሳምንት አልፏል። ነገሩ የማዳበሪያ ወይም የዘር ጉዳይ ከሆነና ወሩም ሰኔ ከሆነ፣ ሦስት ሳምንት ማለት ዝናቡ ሳይጠብቀው ሄደ ማለት ነው። ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

በጥንት ዘመን መንግሥት ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ ላይ ነበር፤ ምክንያቱም ሕዝቡን በአንድነት ማግኘት የሚቻለው በዚያ ቀን ነው። መንግሥት የሚናገረው በገበያ ቀን ከነበረ፣ መስማትም የሚገባው በገበያ ቀን ነው።

መድኃኒቱ ታላቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ በገበያ ቀን ምሳ በየተራ ይበላ እንጂ በሩ አይዘጋ። ሁለተኛ፣ ለአንድ ጉዳይ የሚያስፈልገው ሰነድ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አንድም ሳይቀር ይነገር፤ በግድግዳ ላይ መለጠፉ ብቻ ማንበብ ለማይችል ሰው አይረዳውምና በቃልም ይነገር። ሦስተኛ፣ የሚፈርመው ኃላፊ ስብሰባውንና ጉዞውን በሌላ ቀን ያድርግ፤ ይህ ካልተቻለም ወኪል ይተው። ጀማሪ ሠራተኛ ኃላፊውን ማዘዝ አይችልም፤ ነገር ግን ሁለተኛውን ነገር ዛሬውኑ ማንንም ሳያስፈቅድ ሊፈጽመው ይችላል።

ለተማሪዎችም የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ቀይ ሽንኩርት፣ ምረጡ። ለአራት ሳምንት ሐሙስ በሐሙሲት፣ በማግስቱ ደግሞ በባሕር ዳር ዋጋውን ጠይቃችሁ መዝግቡ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለማን እንደሚደርስ ጠይቁ፤ ለጫኚው ስንት፣ ለደላላው ስንት፣ በመበላሸት የሚጠፋው ስንት እንደ ሆነ ጻፉ። ደላላውን ሌባ ብላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት እርሱንም አነጋግሩት። አራት ገጽ ደብተር ይበቃችኋል፤ ከብዙ ንግግርም ይልቅ ይጠቅማችኋል።

አንድ ነገር ሳላሳስብ ማለፍ አይገባኝም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ጉዞን ብዙ ጊዜ አሰናክሏል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ካልሆነም ለሌላ ጊዜ አቆዩት። መንገድ ሲዘጋ ጎብኚው ጉዞውን ያስተላልፋል፤ ቲማቲምና ሽንኩርት ግን አይጠብቅም። ገበያ ያልቆመበት ሐሙስ ጨው ያልገባበት፣ መድኃኒት ያልተገዛበት፣ የልጅ ደብተር ያልተገኘበት ሳምንት ነው። ስለ ሰላም ስናስብ ይህችን ባዶ ሐሙስ አብረን ብናስባት መልካም ነው።

እንግዲህ ወጣት ወዳጆቼ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት በአንድ ሐሙስ ጧት ተነሥታችሁ ሂዱ። ከዚያ መልስ በምትሠሩበት ከተማ ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚውል ጠይቁና በጠረጴዛችሁ ላይ ጽፋችሁ አኑሩት። የገበያው ቀን ሲደርስም ከወትሮው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ግቡ።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። እስከሚመጣው ሳምንት በደኅና ቆዩኝ።